እናቴ ሰይጣንን ስትረግም

ታናሽ እህቴን ፌንጣ ያልናት ገና ድክ ድክ ስትል ነው። አንድ ቦታ አትረጋም። ስትበላ ቆማ፣ ፀጉሯን ስታበጥር ቆማ፣ ስታወራ እንኳ ከበር ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ በር። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ማሽኔን የተከልኩት ወደ መንገድ በሚያየው ክፍል ውስጥ ነው፣ እሷ በዚያ ባለፈች ባገደመች ቁጥር የማትገፋው ነገር የለም። "ኧረ በናትሽ አንዴ እረፊ፣ እጅጌውን ከአንገት ጋር ልታሰፊኝ ነው!" እላታለሁ። እሺ ትላለች። እሺታዋ ግን ከአንገት በላይ ነው።

ሥራዋ አውቶቡስ መናኸሪያ ነው። ከሕዝቡ በላይ ከፍ ያለች፣ በመስታወት የተከለለች አንዲት ጠባብ ክፍል አለች፤ እዚያ ሆና የሚነሳውንና የሚገባውን አውቶቡስ በድምፅ ማጉያ ትናገራለች። ከሥር ሕፃን ያለቅሳል፣ ሞተር ያጓራል፣ ረዳቶቹ ጣሪያ ላይ ሆነው ይጯጯሃሉ። እሷ ተናግራ እንደጨረሰች ተሳፋሪው እርስ በርሱ "ምን አለች?" ይባባላል። ይሄ ነገር ያንገበግባት ነበር። "እቴቴ፣ ቀኑን ሙሉ እየጮህኩ ጆሮ የሚሰጠኝ ጠፋ እኮ፤ ግድግዳ ባዋራ ይሻለኛል" ትለኝ ነበር።

እንግዲህ ሰይጣን የሆነችው ይቺው ልጅ ናት።

ቆይ፣ በስመ አብ ከማለታችሁ በፊት አስጨርሱኝ። ሬዲዮ ላይ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚተላለፍ ድራማ አለ፤ ከእናቷ ቤት ወጥታ ትልቅ ከተማ የገባች አንዲት ወጣት አለች፣ የትም ብትሄድ ሰይጣን ከጆሮዋ ሥር አይጠፋም። ይመክራታል። ምክሩም ሁሌ የወዳጅ ምክር ነው የሚመስለው።

ጣቢያው ለሰይጣንነት ሰው ሲፈልግ የመጡት በሙሉ ወንዶች ነበሩ፤ በሙሉ ያገሳሉ፣ በሙሉ ሆዳቸውን ይዘው "ሃ ሃ ሃ" ይላሉ። ከፊልም የለቀሙት ነው። አንዱማ ቀይ ካባ ደርቦ፣ የካርቶን ቀንድ ግንባሩ ላይ አስሮ ከች አለ። ለሬዲዮ! ፌንጣ የዚያን ዕለት እዚያ የተገኘችው የመናኸሪያውን የጥንቃቄ ማስታወቂያ ልትቀዳ ነው። ተራዋ እስኪደርስ መቼስ አትቀመጥም፤ ስቱዲዮው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስትል ቴክኒሻኑን ዳቦ ሰርቆ ሲጎርስ አየችው። እዚያ ክፍል ውስጥ መብላት ክልክል ነው። ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ "ብላው፣ ግድ የለም፤ ማንም አላየህም" አለችው። ማይክራፎኑ ክፍት ነበር። ከመስታወቱ ማዶ ማዳመጫ ያጠለቀው አዘጋጅ ከወንበሩ ብድግ አለ። "ማነው? ማነው አሁን የተናገረው?" እያለ በሩን በርግዶ ገባ።

አዘጋጁ ጎበዝ ሰው ነው፣ አልዋሽም። "ሹክሹክታ የማንም አይደለም፤ የወንድ ይሁን የሴት፣ የሽማግሌ ይሁን የልጅ አይታወቅም፤ ሰው የራሱ ሐሳብ ነው የሚመስለው" አላት። ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ ከንፈሯን ማይክራፎኑ ላይ ልትለጥፍ ምንም ሳይቀራት ነው የምትቀዳው። ስሟም አይጠራም። "ሰይጣን ከነአድራሻው ከታወቀ ማን ይፈራዋል?" ብሎ ለሰው እንዳትናገር አስማላት። ለእኔ የነገረችኝ በዚያው ቀን ነው፤ ምኑን ልትደብቀው! ለእማዬ ግን ሐሙስ ሐሙስ መናኸሪያው ትርፍ ሰዓት ያሠራኛል አለቻት።

በጥቂት ጊዜ ውስጥ ድራማው ከተማውን ያዘው። ቅዳሜ ከሰዓት ፀጉር ቤቱም ታክሲውም ግሮሰሪውም እሱን ነው የሚከፍተው። ፌንጣ መንገድ ለመንገድ እየዞረች ስትሰማ ዋለችና እየሮጠች መጣች። "እቴቴ፣ ስጮህ ማንም አይሰማኝም፣ ሹክ ስል ግን መንገዱ ሁሉ ጸጥ!" አለችኝ። እንዲህ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

የእኛ ቤት ቅዳሜ ደግሞ የጉድ ነው። ጎረቤቱ ተጠራርቶ እማዬ ሳሎን ይሰበሰባል። ጡረተኛው አለ፣ መምህር የነበረ፣ ኮፍያውን ራሱ ላይ ሳይሆን ጉልበቱ ላይ የሚያኖር። የባለጋራዡ ሚስት አለች፤ ሌሎችም አሉ። ድራማው እስኪጀምር የሚከራከሩት ስለ ሰይጣን መልክ ነው። ጡረተኛው ቀንድና ጭራ የፊልም ሠሪዎች ፈጠራ ነው ይላል፣ የእሱ አያት ያዩት በቀትር በአውሎ ነፋስ ውስጥ ሲሽከረከር ነው። የባለጋራዡ ሚስት "ኧረ እባክዎ ጋሼ! ሰይጣን ሽቶ የተቀባ፣ ሱፍ የለበሰ፣ ጫማው አቧራ የማይነካው መልከ መልካም ነው" ትላለች። አንዷ አመድ ላይ ነው የሚተኛው ስትል ሌላዋ የለም መስተዋት ውስጥ ነው ትላለች። እኔ ጨርቄን እጠቅማለሁ። የቀድሞ ባሌ ጥሎኝ ሲሄድ "ሰይጣን አሳስቶኝ ነው" ብሎ ሽማግሌ ልኮብኛል፤ ሰይጣንም አሳዘነኝ፣ የስንቱን ይሸከም!

እማዬ ክርክሩን የምትዘጋው እንዲህ ብላ ነው። "ሰይጣን መልክ የለውም። ድምፅ ነው።"

ከዚያ ሬዲዮው ይከፈታል። ሰይጣኑ ሹክ ማለት ሲጀምር እማዬ ከወንበሯ ትነሳለች፣ ጣቷን ወደ ሬዲዮው ትቀስራለች። "አንተ ርጉም! ምላስህ ይዘጋ! ጉሮሮህ ይድረቅ! ድምፅህ ይጥፋ!" ጎረቤቱ በአንድ አፍ "አሜን!" ይላል። ሰይጣኑ ደግሞ ያው ሐሙስ ተቀድቶ ስላለቀ፣ እዚያው ከእማዬ ጎን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። መጀመሪያ ሰሞን ፌንጣ ጓዳ ገብታ ፎጣ ነክሳ ትስቅ ነበር። እኔም ተከትያት ገብቼ አብሬ እስቃለሁ። ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን።

የእማዬ ቃል ጠብ አይልም ይባላል ሰፈር ውስጥ። አንድ ጊዜ ከሰዓት በኋላ እየጮኸ እንቅልፍ የነሳትን የጎረቤት አውራ ዶሮ "አቦ አንገትህ ይሰበር" አለችው፣ በማግስቱ ተሰብሮ ተገኘ። እርግጥ መኪና ነው የገጨው፤ ቢሆንም። የተጣላ ሁሉ ለእርቅ የሚመጣው እሷ ጋ ነው፣ ልጁን የሚያስመርቀው እሷ ጋ ነው። የባረከችው ተባረከ፣ የረገመችው አለቀለት ነው ነገሩ።

የፌንጣ ድምፅ መጀመሪያ ሻከረ። ሾፌሮቹ ከታች ሆነው "ምነው እህት፣ በረዶ ዋጥሽ እንዴ?" እያሉ ቀለዱባት። ቀጥሎ መሐል ላይ እየተቆረጠ ያስቸግራት ጀመር። አንድ ጠዋት መናኸሪያው ውስጥ አፏን ከፈተች፣ ከድምፅ ማጉያው ባዶ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። የዚያን ቀን ተሳፋሪው በሙሉ ወደ ላይ አንጋጦ አያት አሉኝ።

ሐኪም ቤት የወሰድኳት እኔ ነኝ። ሐኪሙ በጉሮሮዋ መስተዋት አስገብቶ አየና "ብዙ ትጮሂያለሽ?" አላት። እኔ ነኝ የመለስኩላት፣ መጮኹንም ትጮሃለች፣ ይበልጡን ግን ሹክ ትላለች አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ለሰዓታት በግድ የሚወጣ ሹክሹክታ የድምፅ አውታሩን ከጩኸት ይብስ ይጎዳዋል፣ አብጧል፣ ዝም በይ፣ ሹክም እንዳትይ አላት። "ይመለሳል?" ብዬ ጠየቅኩት። "እናያለን" አለ። ሐኪም እናያለን ሲል እኔ አልወድም። የመናኸሪያው ኃላፊ ደግሞ በመስታወቷ ክፍል ውስጥ ሌላ ልጅ አስቀምጦ ጠበቀን፤ እስኪሻላት ነው አለ፣ ካልተሻላት ግን ዱዳ ቀጥሮ ምን ያደርጋታል?

እቤት እንደደረስን ፌንጣ እጄን ያዘችኝ። ወደ እማዬ ክፍል ጠቆመች፣ ከዚያ ወደ አፏ፣ ከዚያ ጉሮሮዋን በሁለት እጇ አነቀች። ገባኝ።

"አብደሻል? ሐኪሙ ያለውን አልሰማሽም? እማዬ የረገመችው ሰይጣንን ነው!"

በጣቷ የገዛ ደረቷን ደጋግማ ነካች።

ተቆጣኋት። እንዲህ ያለ ጅል ነገር ከተማረ ሰው አይጠበቅም፣ እብጠት ነው፣ ውሃ ጠጪና ዝም በይ አልኳት። ወደ ማሽኔ ተመልሼ ስቀመጥ ግን የሰው ቀሚስ ጡት ላይ ኪስ ሰፋሁበት። ቅዳሜም ደረሰ። ጣቢያው ቀድሞ የተቀዳ ስላለው ሰይጣኑ አሁንም እንደ ልቡ ሹክ ይላል፣ እማዬ ትነሳለች፣ "ድምፅህ ይጥፋ!" ትላለች፣ እህቴ ድምፅ የላትም። ጎረቤቱ "አሜን!" ባለ ቁጥር ትከሻዋ ይዘላል። ለእማዬ ብርድ መቷት ነው ብለናታል። አሁን ጓዳ ገብቶ የሚስቅ የለም። ስታለቅስ እንኳ ድምፅ የላትም፤ እሱ ነው ይበልጥ አንጀቴን የበላኝ።

እንድነግርላት በምልክት ለመነችኝ። ዛሬ ነገ አልኩ። ፈራሁ፣ ምን ይደበቃል። በመጨረሻ አንድ ከሰዓት እማዬ የደረቀ አንሶላ ስታጥፍ ሌላኛውን ጫፍ ያዝኩላትና እንደምንም ጀመርኩ።

"እማዬ፣ የሬዲዮው ሰይጣን እኮ ሰው ነው።"

"ሰው መሆኑማ መች ጠፋኝ። ሰው ሆኖ ነው እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ!"

"የምናውቀው ሰው ነው።"

"ማን?"

"ፌንጣ ናት።"

መጀመሪያ ሳቀች። ዓይኔን ስታየው ሳቋን አቆመች። አንሶላው መሐላችን እንደተወጠረ ቀረ።

"ያን ሁሉ ቅዳሜ? እዚሁ አጠገቤ ቆማ?"

"አዎ።"

"ብርድ ነው ያላችሁኝስ?"

"ውሸታችንን ነው።"

"አንቺም ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር እማዬ። መጀመሪያ... ጨዋታ መስሎን ነበር። ስቀናል።"

አንሶላውን ፊቴ ላይ ወረወረችው። "ልጄን በገዛ አፌ ስገድላት እናንተ ትስቃላችሁ! አይ የኔ ነገር! አይ የኔ ማህፀን!" ደረቷን ደቃች፣ ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ እንደገና ተነሳች።

ሐኪሙ እብጠት ነው ማለቱን ነገርኳት። "ሐኪሙ እናት ነው?" አለችኝ። በይ እንግዲህ እርግማኑን አንሺው፣ አንስቻለሁ በይና እንረፍ ስላት ደግሞ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ።

"በሰው ፊት የረገምኩትን ጓዳ ተደብቄ ላንሳው? አሜን ያለው ሁሉ ባለበት ነው እንጂ። ቅዳሜ።"

ይሄ የእማዬ ሕግ ነው፤ ጠብ ስታስታርቅም እንዲሁ ናት፣ በአደባባይ የተሰደበ በአደባባይ ካልተካሰ እርቁ አይጸናም ትላለች። ግን የምትለው ነገር ምን እንደሚያስከፍላት እኔ አውቃለሁ። ጡረተኛው ጣቢያው ይህን ሰይጣን ከድራማው እንዲያወጣ ሰው እያሳመነ ነው። የባለጋራዡ ሚስት ደግሞ ትልቁ ልጇ ጥሏት የጠፋው የዚህን ድምፅ ምክር ሰምቶ ነው ብላ አምናለች፤ እማዬን ይዛ ያለቀሰችው፣ "ይርገሙልኝ እትዬ" ብላ የለመነችው እሷ ናት። አሁን ለእነዚህ ሰዎች ሰይጣኑን የወለድኩት እኔ ነኝ ልትላቸው ነው።

እስከ ቅዳሜ ቤቱ ውስጥ ሦስት ፌንጣ ሆንን። አንዷ ስትነሳ አንዷ ትቀመጣለች፣ አንዷ ስትገባ አንዷ ትወጣለች። እማዬ ለፌንጣ ማር የተበጠበጠበት ሙቅ ውሃ ታመጣለች፣ አጠገቧ ታስቀምጣለች፣ ሳታያት ትመለሳለች። አንዲት ቃል አላለቻትም። ፌንጣ ብርጭቆውን ይዛ ወደ እኔ እየመጣች በእጇ ምልክት ትሠራለች፤ ጠላችኝ ማለቷ ነው። አልጠላችሽም፣ አፍራ ነው እላታለሁ። አላመነችኝም። እኔም ራሴን አላመንኩትም።

ቅዳሜ ሁሉም መጣ። ጡረተኛው ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አኖረ። የባለጋራዡ ሚስት ከእማዬ ጎን ተቀመጠች። ፌንጣ በር ሥር ቆማለች፣ ለመውጣትም ለመቅረትም። ስለ ሰይጣን መልክ ሲከራከሩ እማዬ የምትዘጋበትን ቃል ቢጠብቁ አልተናገረችም፤ ሬዲዮውን ብቻ ከፈተችው።

የዚያን ቀን በድራማው ውስጥ ልጅቷ ከተማው ሰልችቷት ወደ እናቷ ቤት ተመልሳ በር ላይ ቆማለች። ሰይጣኑ ከጆሮዋ ሥር መጣ። "አታንኳኪ" አላት። "ምን ያደርግልሻል? እናትሽ እንደሆነች አትከፍትልሽም። አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ ደስ ብሏት ነው የምትኖረው። አታንኳኪ።"

ሰዉ ሁሉ ወደ እማዬ ዞረ። ተነሳች። ጣቷ እንደ ልማዱ ወደ ሬዲዮው ተቀሰረ፣ አፏ ተከፈተ፣ የሚወጣ ነገር ጠፋ። ትንሽ ቢጠብቋት የባለጋራዡ ሚስት አላስቻላትም፣ ራሷ ጀመረችው። "አንተ ርጉም! ምላስህ—"

እማዬ በመዳፏ አፏን ግጥም አድርጋ ያዘቻት።

"እንዳትጨርሺው! ልጄ ናት!"

ጡረተኛው ግራ ገብቶት በር በሩን አየ። "የት? ማን መጣ?"

"እሷ ናት። ሰይጣኑ እሷ ናት፣ ፌንጣ።" እማዬ በሌላ እጇ ወደ በሩ ጠቆመች። "እስከ ዛሬ የረገምኩት ሁሉ ልጄ ላይ ነው ያረፈው። ሳላውቅ ነው። አሁን አውቄ አነሳሁት፤ ያልኩት ሁሉ በሜዳ ይቅር፣ ነፋስ ይውሰደው። አሜን በሉኝ።"

ማንም አሜን አላለም። ሬዲዮው ብቻ "አታንኳኪ" ይላል። የባለጋራዡ ሚስት የእማዬን እጅ ከአፏ ላይ ቀስ ብላ አነሳች። ፌንጣን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። "ልጄን ያስኮበለለብኝ የዚህ ቤት አፍ ነው?" አለች። ልጅሽን አውቶቡስ ነው የወሰደው፣ ምን በወጣት ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ እንባዋን ሳየው ተውኩት። ሻርፗን ይዛ ወጣች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሏት። ጡረተኛው በሩ ላይ ሲደርስ ኮፍያውን አጠለቀ፣ ዞር ሳይል "አሜን" አለና ሄደ።

እማዬ ባዶ ወንበሮቹ መሐል ቆማ ቀረች። ከዚያ ፌንጣን በሁለት እጇ ጉንጯን ያዘቻት።

"አትከፍትልሽም ያልሽው ግን ምን ሆነሽ ነው? ማን አባቱ አስተማረሽ ይሄን? እኔ አልከፍትልሽም?"

የተጻፈ ነው እማዬ፣ ያነበበችው ነው ልል ስነሳ እህቴ ቀደመችኝ። ልትመልስላት አፏን ከፈተች። እማዬ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገችባት፤ "ተይ፣ ተይ፣ ሐኪሙ ከልክሎሻል" ብላ እቅፏ ውስጥ ሸጎጠቻት። ፌንጣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትነቃነቅ ቆየች።

ድምፁ ተመለሰ፤ እማዬ የእኔ ቃል ነው ትላለች፣ ሐኪሙ ዝምታው ነው ይላል፣ እኔ በመሐላቸው አልገባም። እንደ ድሮው ግን አይደለም፣ ወፍሯል፣ ጠዋት ጠዋት ይሰነጠቃል። ወደ መናኸሪያዋ ተመልሳለች። ሹክ ማለት እስከ ወዲያኛው ተከልክላለች፤ ሐሙስ ሲመጣ ከበር ወደ መስኮት ስትመላለስ አያታለሁ፣ ያንገበግባታል። ጣቢያው አዲስ ሰይጣን ቀጠረ፤ የሚያገሳ ወንድ፣ "ሃ ሃ ሃ" የሚል።

ከጎረቤቱ ግማሹ ተመለሰ፣ ግማሹ እንደ ወጣ ቀረ። የባለጋራዡ ሚስት መንገድ ላይ ስታየን ትሻገራለች። ባለፈው ቅዳሜ ጡረተኛው፣ አዲሱ ሰይጣን ሲያገሳ ቢሰማ፣ የለመደው ነገር ናፍቆት ወደ እማዬ ጠጋ አለ።

"እትዬ፣ ይሄኛውን እንኳ ይርገሙልን እንጂ! ይሄ መቼስ የእርስዎ አይደለም።"

እማዬ ሬዲዮውን ቆይታ ቆይታ አየችው።

"ተዉት" አለች። "እናቱ እየሰማችው ይሆናል።"